የጠብታዋ ምንጭ ከወዴት ነው?

ምንባብ፦ መዝሙር 139፥23-24፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥8-9



በአንድ ማለዳ በተራሮች መካከል በተጠረገች የሣር ማረፊያ ዳር ቆመን ነበር። ክንፎቿ ከላይ የሆኑ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለመነሣት ተዘጋጅታለች። ከዛፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ልጅ በቃሬዛ ተኝቶ ነበር፤ አባቱም በራስጌው ቆሞ በነጠላው ጫፍ ዝንቡን ይከለክልለታል። አብራሪው እንደ ልማዱ አውሮፕላኗን እየዞረ ሲመረምር ከሞተሩ በታች ጎንበስ አለ፤ ሣሩን ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ። ቤንዚን ጠብ፥ ጠብ ይል ነበር።

አብራሪው የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቶ መካኒኩን አስጠራ። አባትየውም ቀርቦ፥ «ጌታዬ፥ ይህች ጠብታ ምን ታደርጋለች? ልጄ እየደከመብኝ ነው» አለው። አብራሪውም ባርኔጣውን አውልቆ፥ «አባቴ፥ ልጅዎን በእሳት ላይ አስቀምጬ መነሣት አልችልም» ሲል መለሰለት።

እውነቱን ተናገረ። የቤንዚን ተን ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ በዝቅተኛ ስፍራ ይከማቻል፤ ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ አንዲት ፍንጣሪ ብታገኘው በቅጽበት ይነድዳል። ሞተሩ ቢነሣ እንኳ ከመጠን በላይ ቤንዚን የሚጎርፍበት ሞተር ይንተፋተፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይቆማል። በሸለቆ ላይ የሚቆም ሞተር ደግሞ ለምሕረት ጊዜ አይሰጥም።

በዚያ ቀን መካኒኩ የሠራውን ሥራ ቆመን ተመለከትን። ከሥራውም ለነፍሳችን የሚሆን ትምህርት አገኘን፤ ስለዚህ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

አንደኛ፦ የረጠበው ስፍራ ሁሉ የተበላሸው ስፍራ አይደለም።

ቤንዚን ከላይ ፈስሶ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፥ ከሁሉ ዝቅ ካለው ስፍራም ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጠብታዋ የወደቀችበትን ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። መካኒኩ አስቀድሞ ሁሉን በጨርቅ አደረቀ። ከዚያም መክፈቻውን ከፍቶ ከላይ ወደ ታች በየተራው ተመለከተ፦ የቱቦውን መጋጠሚያ፥ የማጣሪያውን ክዳን፥ የካርቡሬተሩ ሁለት ክፍሎች የሚገናኙበትን ጓርኒሲዮን። በዛሬው ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች በብዛት የሚቀዳው ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ስላለው፥ ተንኖ በጠፋ ጊዜ እንኳ በመጣበት መንገድ ሰማያዊ ምልክት ይተዋል። መካኒኩ ያንን ምልክት ፈለገ፤ በእነዚህ ሁሉ ግን አላገኘውም። ጠብታዋ የመጣችው ከታች ካለው የአየር መግቢያ ሣጥን ነበር።

እኛስ በቤታችን እንዴት እናደርጋለን? ስለ ወጥ ጨው ጠብ ይነሣል፤ እኛም ጨውን እንከስሳለን። ነገር ግን ጠቡ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት በወንድማማቾች መካከል ከቀረ ያልተከፈለ ብድር ይሆናል። ልጁ ባለጌ ሆነ ብለን እንቀጣዋለን፤ እርሱ ግን በእናቱና በአባቱ መካከል ያለውን መራራነት የሚያንጠባጥብ ዝቅተኛ ስፍራ ብቻ ነው። የወደቀውን መጥረግ ጥገና አይደለም። ምልክቱን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ጉድለቱ የሚታየው ሞተሩ ባረፈ ጊዜ ነው።

መካኒኩ አብራሪውን፥ «ዛሬ ሞተሩን ለማስነሣት የጋዙን እጀታ ደጋግመህ ገፍተሃልን?» ብሎ ጠየቀው። እጀታው በተገፋ ቁጥር ከካርቡሬተሩ ቤንዚን ይረጫልና፥ ብዙ ከተገፋ የተረፈው ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ይህ ግን ጥቂት ቆይቶ ይቆማል። አብራሪው አልነካሁም አለ። እንግዲያስ ቤንዚኑ ማንም ሳይነካው በራሱ ይፈስስ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ትናንት ማታ ሲያርፍ ስለ ምን አልታየም? ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የተረፈውን ሁሉ ይጠጣዋልና ነው። ምናልባት በዝግታ ሲዞር ይንተፋተፍ ይሆናል፥ ጭሱም ይጠቁር ይሆናል፤ ነገር ግን በድምፁ ብርታት ምክንያት ማን ያስተውለዋል? ሌሊቱን ባረፈ ጊዜ ግን ሣሩ መሰከረበት።

ወዳጆች ሆይ፥ ይህ ነገር በተለይ ለእኛ ለአገልጋዮች ተነግሯል። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፥ ከመዝሙር ልምምድ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ስንሮጥ ደኅና እንመስላለን። ጸጥ ባልን ጊዜ፥ በአልጋችን ላይ ብቻችንን በሆንን ጊዜ የሚንጠባጠበው ምንድር ነው? ቅንዓት ነውን? በቀል ነውን? ዕረፍትን የምንሸሸው አንዳንድ ጊዜ ከትጋት የተነሣ ሳይሆን ያንን ጠብታ ላለመስማት ነው።

ሦስተኛ፦ በዓለም መኖር ሌላ ነው፥ ዓለምን በውስጥ መያዝ ሌላ ነው።

የካርቡሬተር አሠራር እንዲህ ነው። ቤንዚኑ በክንፎቹ ካለው ማጠራቀሚያ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ወደ አንዲት ትንሽ ጽዋ ይገባል። በጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይላል፥ ሲጎድል ዝቅ ይላል። በክንዱም ላይ መርፌ አለ፤ ጽዋዋ በሞላች ጊዜ መርፌው በመቀመጫው ገብቶ መግቢያውን ይዘጋል፥ በጎደለች ጊዜ ይከፍታል። መርፌው መዝጋት ካቃተው ጽዋዋ ተርፋ በመርጫዋ አፍ ትፈስሳለች፤ ቤንዚኑም በአየር መተላለፊያው ወርዶ ከሣጥኑ በታች ይንጠባጠባል።

መርፌው እንዳይዘጋ ከሚያደርጉት አንዱ ቆሻሻ ነው። ከአሸዋ ያነሰች ቅንጣት በመርፌውና በመቀመጫው መካከል ብትገባ ይበቃል። ስለዚህ መካኒኩ በእንጨት እጀታ ጽዋዋን ቀስ ብሎ መታ መታ አደረጋት። ጠብታዋም ቆመች! አባትየው «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ቃሬዛውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። እኛም ደስ ብሎን ነበር። መካኒኩ ግን፥ «ያቆማት ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ አላምናትም» አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጠብታዋ ተመለሰች።

በዚህ ጊዜ ካርቡሬተሩን አውርዶ ከፈተው። መርፌው ንጹሕ ነበር፥ መቀመጫውም አልተበላም። ተንሳፋፊውን ግን አውጥቶ በጆሮው አጠገብ ነቀነቀውና ለእኛም ሰጠን፤ በውስጡ ፈሳሽ ሲናወጥ ሰማን። ከናስ ተበይዶ የተሠራ ውስጡ ባዶ ዕቃ ነበር፤ በብየዳው ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ተከፍቶ ቤንዚን ገብቶበታል። ስለ ከበደም መርፌውን ወደ መቀመጫው ለማንሣት አልቻለም።

እንግዲህ አስተውሉ። ተንሳፋፊው በቤንዚን ውስጥ ሊኖር ተሠርቷል፤ ከዚያ ቢወጣ ጥቅም የለውም። ነገር ግን ቤንዚኑ በእርሱ ውስጥ በገባ ጊዜ ለአንድ አገልግሎቱ ማለት ለመዝጋት አቅም ያጣል። ጌታችንም በመጨረሻው ጸሎቱ ደቀ መዛሙርቱ ከዓለም እንዲወጡ አልለመነም፤ ከክፉ እንዲጠበቁ ለመነ እንጂ። ነጋዴው በገበያ መካከል ይኑር፤ የገበያው ስስት ግን በልቡ አይኑር። ሹሙ በሥልጣን ይቀመጥ፤ ሥልጣን ግን በእርሱ ላይ አይቀመጥ። ይህ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም፤ በቀጭን ስንጥቅ ጥቂት በጥቂት ይገባል። ከላይ ያየን ሰው ያው ናስ ነን፥ እናብረቀርቃለን። በመጨረሻ ግን «ይበቃል» ልንል በሚገባን ጊዜ ማለት አንችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መካኒኩ የከበደውን ተንሳፋፊ አልመከረውም፥ በርትተህ ተንሳፈፍ ብሎም አልገሠጸውም። ከዕቃው ሣጥን አዲስ አውጥቶ በስፍራው አገባ። ወንጌልም ይህ ነው። ሕግ ነቅንቆ በውስጣችን ያለውን ያሰማናል፤ አዲስ ልብ ሊሰጠን ግን አይችልም። እግዚአብሔር በነቢዩ በሕዝቅኤል አፍ አዲስ ልብ እሰጣችኋለሁ ብሎ ተስፋ የሰጠውን በልጁ ሞትና ትንሣኤ ፈጸመው። ዋጋውን የከፈለው ባለቤቱ ነው፤ የተሰበረው ዕቃ አልተጠየቀም። ስለዚህ መመርመርን አንፍራ። ዳዊት እግዚአብሔርን መርምረኝ ብሎ የለመነው ከመርማሪው እጅ ምሕረትን ስለ ጠበቀ ነው።

አዲሱ ከገባ በኋላም መካኒኩ አልቸኮለም። ጓርኒሲዮኑን ለውጦ ብሎኖቹን አጠበቀ፥ እንዳይላሉም መያዣዎቻቸውን አጠፈ። መክፈቻውን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሣጥኑ ደረቅ እንደ ሆነ ተመለከተ፤ ሞተሩን አስነሥቶ አጠፋ፥ እንደ ገናም ተመለከተ። በመጨረሻ የተገኘውንና የተሠራውን በአውሮፕላኗ መዝገብ ጽፎ ፈረመበት። አብራሪውም ማለዳ ያደረገውን ምርመራ ከመጀመሪያው ደገመው። ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 95 አንቀጾች በመጀመሪያው የክርስቲያን ሕይወት ሁሉ ንስሐ እንዲሆን አስተማረ። አዲስ ልብ የተቀበለ ሰው ምርመራ አይቀርለትም፤ በየማለዳው ያለ ፍርሃት ይመረመራል እንጂ።

አውሮፕላኗ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ተነሣች። ልጁ በአባቱ ጉልበት ላይ ተደግፎ ነበር። አባትየውም ከመግባቱ በፊት ወደ መካኒኩ ሄዶ፥ በቤንዚን የራሰውን እጁን በሁለት እጆቹ ይዞ ሳመው።

እኛም በዚህ ሳምንት ስንጣደፍ «ትንሽ ቆዩ፥ እንመልከት» የሚለንን ወንድም፥ ወይም እኅት፥ ወይም የገዛ ሚስታችንን ባገኘን ጊዜ አንቆጣ። ማንን ሊያተርፍልን እንደ ሆነ አናውቅምና።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፥ የተሰወረውን ጉድለታችንን የምታይ አንተ ነህ። ጠርገን የሸፈንነውን ግለጥ፤ በልባችን የገባውን ከባድ ነገር አውጣ፤ አዲሱንም ልብ ስጠን። በጉዞ ላይ ያሉትን ሁሉ፥ የሚያበሩትንና የሚጠግኑትን ጠብቅ። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።