የዐጥር ጽናቱ ከሥሩ ነው

ዐጥር የሚታጠረው ሰውን ከሰው ለመለየት ነውን ወይስ ሁለቱንም ለመጠበቅ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ንብረት፥ ስለ ሕመምተኛና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የሚነሡት ብዙ ክርክሮች ወደዚሁ ጥያቄ ይመለሳሉ። «የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው አይመለከተኝም» የሚል ሰው ሁሉ፥ ዕንጨትና ድንጋይ ባያቆምም እንኳ፥ በልቡ ዐጥር ዐጥሯልና። በዚህ ጕዳይ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል። እኛ ግን ዛሬ ትምህርቱን በእጁ ሥራ ከሚኖር ሰው፥ ይኸውም ዛፍ መግረዝና ዐጥር ማበጀት ኑሮው ከሆነው ሠራተኛ ለመውሰድ እንሞክር። የሚጠብቀውን ነገር በየቀኑ በእጁ የሚነካ ሰው ስለ መጠበቅ የሚናገረው ቃል ሊደመጥ ይገባዋል።

ይህ ሙያ በስፋት ከሚታወቅባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ አገር ገጠር ማሳን ከማሳ የሚለየው ብዙውን ጊዜ ከነሥሩ ተተክሎ የሚያድግ፥ እሾኽ ካላቸው ቍጥቋጦዎች የተሠራ ሕያው ዐጥር ነው። ሠራተኛው ይህን ዐጥር ይከረክማል፤ ያረጀውንም ያድሳል። በከተማ ደግሞ በገመድ ታስሮ ትልልቅ ዛፎች ላይ ይወጣና የደረቀውን ቅርንጫፍ በሞተር መጋዝ ይቈርጣል። ሥራው አደገኛ ስለ ሆነ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ የሙያው ሥርዐት ያዝዛል። ከታች የሚቆመውም ጓደኛ፥ የወጣው ሰው ቢጐዳ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል፥ የሠለጠነና መሣሪያውም የተዘጋጀለት ሊሆን ይገባል። እንግዲህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት፥ ከላይ ያለው ሰው ሕይወት ከታች በቆመው ሰው እጅ መሆኑ ነው።

ይህን ሠራተኛ በሦስት ነገር እንጠይቀው። በመጀመሪያ ስለ ዐጥር ብንጠይቀው የሚያሳየን ጫፉን ሳይሆን ሥሩን ነው። ሳይከረከም የቀረ ሕያው ዐጥር ወደ ላይ ይረዝማል፤ ከሩቅ ለሚያየውም የጠነከረ ይመስላል። ነገር ግን ኀይሉን ሁሉ ወደ ጫፉ ስለሚልክ፥ ጫፉም ለታችኛው ብርሃን ስለሚከለክል፥ ከሥሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ግልገል የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፈትበታል። ስለዚህ ባለሙያው ቅጠል በረገፈበት በብርዱ ወራት ይመጣና ረጅሙን ግንድ ከሥሩ አጠገብ በሰያፍ ይቈርጠዋል። ፈጽሞ ግን አይለየውም፤ ሕይወት የሚተላለፍበት ቀጭን ልጥና ዕንጨት ያስቀርለታል። ከዚያም ግንዱን አጋድሞ በችካሎች መካከል ያስተኛዋል። ለማያውቅ ሰው ይህ ማጥፋት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሙቀቱ ሲመለስ ከተቈረጠው ሥር አዲስ ቀንበጥ በብዛት ይወጣና ቀዳዳው ይደፈናል። የረጅሙ ዝቅ ማለት ለታችኛው ሕይወት ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዐጥር ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። በእንግሊዝ አገር በተለይ ከ1750 እስከ 1850 በነበረው ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ውጭ ስላለው ነገር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፓርላማው ባወጣቸው ብዙ ሕጎች፥ ቀድሞ መንደርተኛው በኅብረት ከብቱን ያሰማራበት የነበረው መሬት ወደ ግል ባለርስቶች እጅ እየገባ ታጠረ። አዲስ የተተከለው እሾኽ ለባለርስቱ ንብረቱን አስከበረለት፤ አንዲት ላሟን በጋራው መስክ ታሰማራ ለነበረችው ድኻ ግን መንገዷን ዘጋባት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ለእርሻ መኪና መዞሪያው እንዲሰፋ ሲባል ያ የቈየ ዐጥር በብዙ ቦታ ተነቀለ፤ በውስጡ ይኖሩ የነበሩት አዕዋፍም መጠጊያቸውን አጡ። በ1997 የወጣው ደንብ የተወሰነውን መለኪያ የሚያሟላውን የገጠር ዐጥር ሳያስታውቁ መንቀልን ከለከለ። እንግዲህ አንዱ ትውልድ በመትከሉ፥ ሌላው በመንቀሉ በደለ። በደሉ የእሾኹ አይደለም፤ ሲተክልም ሲነቅልም ጎረቤቱን የረሳው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ስለ ሕክምና ነው። ይህ ሠራተኛ ሐኪም ባይሆንም ስለ ቍስል የሚያውቀው አለው። ቀድሞ ዛፍ ሲቈረጥ በቍስሉ ላይ ቀለም ወይም ቅጥራን መቀባት እንደ መድኃኒት ይቈጠር ነበር። አሌክስ ሻይጎ የተባለው አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ግን በሺሕ የሚቈጠሩ ግንዶችን እየሰነጠቀ መርምሮ፥ ዛፍ የቈሰለውን አካሉን መልሶ እንደማያድስ፥ ይልቁንም በቍስሉ ዙሪያ ከውስጥ ግድግዳ ሠርቶ ብስባሹ ወደ ጤናማው ክፍል እንዳያልፍ እንደሚከለክል አስረዳ። ስለዚህ ዐዋቂ ሠራተኛ ቅርንጫፉን በቀጭንነቱ፥ በትክክለኛው ቦታ ይቈርጣል፤ ትንሹ ቍስል ፈጥኖ ይዘጋልና። እጅ እስኪሞላ የተወው ቅርንጫፍ ግን ሲቈረጥ ሰፊ ቍስል ይተዋል፤ ብስባሹም ወደ ግንዱ ሊገባ ይችላል። የሰውም ሕመም እንዲሁ ነው። የደም ግፊትን መለካት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳይለካ በቀረው ግፊት ምክንያት አካሉ የሰለለውን ሰው ማስታመም ግን የቤተ ሰብን ጥሪት ሁሉ ያሟጥጣል። ነፍሰ ጡር በጊዜው ብትታይ ለመንገድ ጥቂት ወጪ ታወጣለች፤ ባትታይ ግን የሁለት ነፍስ አደጋ ይመጣል። ድኻ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን በሩ ላይ የሚጠየቀውን ገንዘብ ስለሚፈራ ነው።

እንግሊዞች ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ያደረጉት ነገር ይታወቃል። አኑሪን ቤቨን የጤና ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ፥ ጁላይ 5 ቀን 1948፥ ወጪው በአብዛኛው ከግብር የሚሸፈን፥ ሕመምተኛውም በሐኪሙ በር ላይ ገንዘብ ሳይጠየቅ የሚታከምበት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተጀመረ። ቤቨን ትሬዲጋር በምትባል የዌልስ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ጕድጓድ ወርዶ ከሰል የቈፈረ ሰው ነበር። በዚያች ከተማ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ራሳቸውንና ቤተ ሰባቸውን የሚያሳክሙበት የመረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ እርሱም ለአገር ሁሉ ያሰበውን ሥርዐት ከዚያ ማኅበር ተምሮ ነበር። በ1951 ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ እንዲጠየቅ በተወሰነ ጊዜ ቤቨን ሚኒስትርነቱን ለቀቀ፤ በ1952ም ለመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ ተጨመረ። ስለዚህ ነገር ሁሉም እንደየአሳቡ ይፍረድ። ነገር ግን ክርክሩ ስለ መነጽር ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የዐጥሩ ቀዳዳ ከየት ይጀምራል የሚል ክርክር ነበር።

በዚህ ላይ ሊናቅ የማይገባው ተቃውሞ ይነሣል። «እኔ በመጠን በልቼ፥ ከስካር ተጠብቄ፥ በሥራዬ ተግቼ ስኖር፥ ጤናውን በገዛ እጁ ያበላሸው ሰው በእኔ ገንዘብ ስለ ምን ይታከማል?» የሚል ነው። ይህ የጨካኝ ሰው ቃል ብቻ አይደለም። ቅን ሠራተኛም ይለዋል፤ ትጋትና ስንፍና እኩል ዋጋ ካገኙ ትጋት ይጠፋል ብሎ ይፈራልና። መልሱ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፥ በሐኪም በር ላይ የወደቀውን ሰው አይቶ «ይህ ከጥፋቱ ነው፤ ይህ ከድኽነቱ ነው፤ ይህ ከወላጆቹ የወረሰው ነው» ብሎ ለመለየት የሚችል ማን ነው? ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው ያነሣው ሳምራዊ፥ በዚያ አስፈሪ መንገድ ብቻህን ስለ ምን ሄድህ ብሎ አልመረመረውም። ሁለተኛ፥ በጎረቤት ዐጥር ቀዳዳ የገባ ከብት የእኔንም ሰብል ይበላል። ሳይታከም የቀረ የሳንባ ነቀርሳ የባለጠጋውን በር አንኳኵቶ አይገባም፤ በአንድ አየር ለሚተነፍሱት ሁሉ ይደርሳል። ሦስተኛ፥ ምሕረት ተግሣጽን አይሽርም። በወንጌል የተነገረችውን ፍሬ ያጣች በለስ እናስብ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ባጣባት ጊዜ ትቈረጥ አለ። የአትክልቱ ጠባቂ ግን በለሲቱ አላጠፋችም ብሎ አልተከራከረም፤ አንድ ዓመት ለመነላት። በልመናም ብቻ አልቆመም፤ ራሱ ዙሪያዋን ሊቈፍርና ፍግ ሊጨምርባት ቃል ገባ። ስለዚህ የጠባቂው ምሕረት ጊዜ ይሰጣል፤ የራሱን ድካም ይጨምራል፤ ፍሬም ይጠብቃል። የታከመው ሰው ከስካሩ እንዲመለስ መምከር ተገቢ ነው። ነገር ግን ሊመክር የሚገባው መቈፈሪያውን ይዞ የቀረበ ነው። «ይቈረጥ» ለማለት ድካም አያስፈልግምና።

ሦስተኛው ጥያቄያችን ስለ ሕዝብ ኑሮ ነው። በእንግሊዝ ከተሞች ሌይላንድ የሚባል ፈጥኖ የሚያድግ ጥድ በጎረቤታሞች መካከል ብዙ ጠብ አስነሥቷል። አንዱ ከሰው ዓይን ለመሰወር ይተክለዋል፤ ሳይከረክመው ሲቀር የሌላውን መስኮት ያጨልምበታል። በ2003 የወጣው ሕግ ከ2 ሜትር በላይ ረዝሞ ጎረቤትን ስለሚያውክ፥ ቅጠሉም ስለማይረግፍ ዐጥር ለአካባቢው ምክር ቤት አቤት ማለትን ፈቀደ። ይከርከም ተብሎ ታዝዞ ያልፈጸመ ባለቤት እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። በሕጉ ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ አቤት ባዩ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ለመስማማት ተገቢውን ሁሉ ካላደረገ፥ ምክር ቤቱ አቤቱታውን አልቀበልም ለማለት ይችላል። ሕጉ ራሱ ሰውየውን በመጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። ሕግ የሌለበት ቦታ ደካማው በኀይለኛው ጥላ ሥር ይኖራል፤ ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕግ ጥዱን ያሳጥራል እንጂ ጎረቤታሞቹን አያስታርቅም፤ ግብርን ይሰበስባል እንጂ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ አያጽናናም። በአንጻሩ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ርዳታ ሰጪው ወዳየው ብቻ ይሄዳል፤ ያልታየው ሕመምተኛ በጓዳው ይቀራል። ታላቁ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ለድሆችና ለሕመምተኞች ቤት የሠራው፥ ርኅራኄ ቋሚ ቤትና ሥርዐት እንደሚያስፈልገው ስላወቀ ነው። ሥርዐት ያለ ርኅራኄ ደረቅ ዐጥር ነው፤ ርኅራኄም ያለ ሥርዐት በየሜዳው የተበተነ ቀንበጥ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን ዐጸድ ይመልከት። በሰሜን አገራችን በብዙ ቦታ ዙሪያው ሲራቈት የተረፈው የአገር በቀል ደን በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ምርምር፥ ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ ተተኪ እንደሚያጣ አሳይተዋል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ስለሚታይ ደኑ ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ልጅ የለውም። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ድንጋይ ለቅመው ካብ በመካባቸው ችግኙ መዳን ጀምሯል። ይህ ታናሹን የሚጠብቅ ዐጥር ነው።

የትሬዲጋር ሠራተኞች ማኅበርም ከእድራችን ብዙ አይርቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረውና በኋላ የተስፋፋው የማኅበረ ሰብ አቀፍ የጤና መድን በዚሁ መሠረት የቆመ ነው፤ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ዐቅም ለሌለው ድኻ ደግሞ መንግሥት እንዲከፍልለት ሥርዐት ተሠርቷል። «ዘንድሮ አልታመምሁም፤ ስለዚህ ገንዘቤ ባክኗል» ብሎ መዋጮውን የሚያቋርጥ ሰው ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው «ዘንድሮ ከብት አልገባብኝም» ብሎ ዐጥሩን የሚያፈርስ ገበሬን ይመስላል። ከብቱ ያልገባው ዐጥር ስለ ነበረ ነው። የእርሱ ብር ባክኖ ከሆነም የባከነው በጎረቤቱ ልጅ መዳን ነው፤ ይህን የመሰለ ኪሳራ ደግሞ የሚመኙት እንጂ የሚሸሹት አይደለም።

እንግዲህ በተለይ ካህናት አባቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል። በየትኛው ጓዳ ሕመምተኛ እንደ ተኛ፥ የትኛዋ መበለት የመድኃኒት ገንዘብ አጥታ ዝም እንዳለች፥ የትኛው አባወራ መዋጮውን መክፈል ተስኖት ከስም ዝርዝሩ እንደ ወጣ ከሹም አስቀድሞ ሊያይ የሚችል እርሱ ነው። ቀዳዳውን አይቶ ለወረዳው ያሳውቅ፤ እድሩን ያነሣሣ፤ የሚከፍሉትን ያጽና፤ ዐቅም የሌላቸውን ያስመዝግብ። ምእመናንም ረጃጅሞቹ ግንዶች ጥቂት ዝቅ ቢሉ ታችኛው እንደሚያቈጠቍጥ ያስቡ። የአንድ አገር ሕዝብ የሚመዘነው በሚያሠራው ሕንፃ ርዝመት ሳይሆን፥ በሥሩ ባለው ቀዳዳ በኩል ስንት ሰው እንዳመለጠው ነው። ከዐጥሩ ሥር ጐንበስ ብሎ የሚያይ ዓይን፥ ያየውንም የሚደፍን እጅ እግዚአብሔር ለሁላችን ይስጠን።