ወንድ ሲደፈር በየትኛው አንቀጽ?

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ አዝዤ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ እገላልጣለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ በጦርነት መሀል የተደፈረ ወንድ እዚህ ድሬዳዋ ወደሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢመጣ፣ ዐቃቤ ሕግ የትኛውን አንቀጽ ይጠቅስለታል? ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የማገኘው መስሎኝ ነበር።

አንቀጽ 620ን አየሁ፤ አስገድዶ መድፈር። ተደፋሪዋ ግን አንዲት ሴት ናት። 621 ወንድን ያነሣል፤ አስገዳጇ ሴት ስትሆን ብቻ። 622 ተቃራኒ ጾታ ይላል። የቀረኝ 629 ነው፤ ግብረ ሰዶም። ኃይል ከታከለበት በ630 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። እንግዲያማ አንቀጽ አለ ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት።

መልሼ ገለጥኩት። 629 ተስማምተው ያደረጉትን ሁለት ሰዎች የሚቀጣ አንቀጽ ነው። ተበዳዩ ቃሉን ሲሰጥ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የወንጀል ስም እርሱንም የሚያስጠረጥር ነው፤ ከሳሽ ሆኖ ገብቶ “አልፈቀድኩም” እያለ እንደ ተከሳሽ ሊከራከር ነው። የሴቲቱ ጉዳይ መነሻ ቅጣት 5 ዓመት፣ የእርሱ 3 መሆኑ ከዚህ ወዲያ የሚመጣ ነገር ነው።

አንድ አንጋፋ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። “ጋሼ፣ በወንድ ላይ ሲሆን በምን ይከሳሉ?”

“እንዲህ ብሎ የመጣልኝ ባለጉዳይ የለም” አሉኝ። “አንተ ደግሞ ከየት አመጣኸው?”

ወደ ሰፈሬ ሳቢያን ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተጠራጠርኩ። የሌለ ነገር ይሆን የምፈልገው? ግን ሐረርን አልፎ ጅጅጋ ላይ ጄል ኦጋዴን የሚሉት እስር ቤት ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2010 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያ ሴቶች ይደፈሩ እንደነበር፣ እስረኞች ራቁታቸውን በሌሎች ፊት ይደበደቡና ይዋረዱ እንደነበር ጽፏል። ኅዳር 3 ቀን 2011 ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በሌሎች እስር ቤቶች በእስረኞች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ሲዘረዝሩ የወንዶችን መደፈር ጨምረዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 የወጣው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የጋራ ምርመራም በትግራዩ ጦርነት ከተጠቁት መካከል ወንዶች እንዳሉበት አስፍሯል። የጠፋው ባለጉዳዩ እንጂ ጉዳዩ አይደለም።

ለምን ጠፋ? ቋንቋችንን ጠየቅኩት። “አገር ተደፈረ”፣ “ድንበር ተደፈረ” ሲባል ክተት ይታወጃል፤ ወንዱ ይዘምታል። “እርሱ ተደፈረ” ሲባል ግን ሰሚው ወይ ይስቃል ወይ መሬት ያያል። ሰውዬውም ይህን ስለሚያውቅ “መቱኝ” ብሎ ያልፋል። ሐኪሙ ድብደባ ብሎ ይጽፋል፤ መርማሪውም እንዲሁ።

ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ፤ ይህ ደግሞ የከበደኝ ነው። እጅግ የሚበዙት ተጠቂዎች ሴቶች ናቸው፤ የእነርሱም ፍትሕ ገና ነው። ስለ ወንዱ መጮህ የእነርሱን ወረፋ መቀማት አይሆንም? ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱንም የሚያዋርደው አንድ እጅ ነው። አዛዡ ወታደሩን ያልከለከለበትን አንድ ግቢ ለሁለት መዝገብ ከፍሎ ግማሹን ድብደባ ማለት ለአዛዡ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

እንግዲህ ወደ 270 ዞርኩ፤ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀል። ማሰቃየትንም አስገድዶ መድፈርንም ይዟል፤ ሕዝብ ሲል ወንዱም ውስጡ አለ። ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከብድ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል። ታዲያ “ማሰቃየት” ብሎ መክሰስ አይበቃም? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይርጋም ምሕረትም አያግደውምና ጥቅም አለው። ነገር ግን የተደረገውን በስሙ አይጠራም። የቀድሞ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ራንኮ ቼሺችን እ.ኤ.አ. በ2004 በ18 ዓመት እስራት ሲቀጣ፣ ሁለት ወንድማማች እስረኞችን እርስ በርስ ወሲብ እንዲፈጽሙ ያስገደደበትን ድርጊት መድፈር ብሎታል። ስለዚህ ሁለቱም ስም በአንድ ክስ ይግባ እላለሁ፤ ማሰቃየትም፣ መድፈርም።

አንቀጽ ማግኘት ከሳሽ ማግኘት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቀድሞው የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ዑመር የተከሰሱት በጄል ኦጋዴን ሳይሆን ሐምሌ 2010 ማብቂያ ላይ ጅጅጋ ላይ በደረሰው ጥቃት ነበር፤ ክሱ ተቋርጦ በመጋቢት 2016 ተፈቱ። በወሩ፣ በሚያዝያ፣ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ጸደቀ።

ለዚያ ፖሊሲ ሕግ የምታረቁ ሰዎች፣ 620 ላይ “ሴት” የሚለውን “ሰው” አድርጉት፤ 629ንም ከተደፈረ ሰው መዝገብ አውጡልን።