ለሕፃን ስለሚሰጥ የቃል ፍቺ

ለሕፃን የቃል ፍቺ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ምን እንደሚሰጥ አጥብቆ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እናት ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ «‹ዶግ› ማለት ውሻ ነው፤ ‹ዋተር› ማለት ውሃ ነው» ስትል፥ መምህርም በሰሌዳው ላይ እንግሊዝኛውን በግራ፥ አማርኛውን በቀኝ ጽፎ ልጆቹን በአንድ ድምፅ ሲያስብላቸው፥ ሥራው ቀላልና ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ሕፃኑ የሚቀበለው ቃል ብቻ አይደለም፤ የሚያምነው ሰው የሰጠውን ምስክርነት ነው። ሕፃን መዝገበ ቃላት ገልጦ አያመሳክርም፥ ሌላ ምስክርም አይጠራም፤ የተነገረውን እንደ ተነገረው በልቡ ያኖረዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሰዋስው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የምግባርም ይሆናል። ይኸውም፥ ሊያመሳክር ለማይችል ሰው ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ መስጠት ይገባልን? የሚገባ ቢሆንስ፥ ማሳነስ የሚያበቃው፥ ማሳሳትም የሚጀምረው ከወዴት ላይ ነው?

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ዛሬ ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የውጭ ቋንቋ የሚማሩት ልጆች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ ቀድሞ ፈረንሳይኛ ይዞት የነበረውን ቦታ ያዘ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝኛን ቃል ፍቺ የሚጠይቅ ሕፃን በከተማም በገጠርም በዛ፤ ፍቺውን የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ራሱ በፍቺ ብቻ የተማረ ሰው ሆነ።

በዓይን የሚታየውን ነገር በሚመለከት አጭር ፍቺ ብዙ ጕዳት የለውም። የሞራቪያው ተወላጅ ኮሜኒየስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ ዓለምን በሥዕል የሚያሳይ የሕፃናት መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በለንደን ወጣ። የመጽሐፉም መሠረት፥ ልጅ ነገሩን ሳያይ ስሙን ብቻ ቢያጠና ባዶ ድምፅ ይዞ ይቀራል የሚል ነበር። እርግጥ ነው፥ ሥዕልም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ከኮሜኒየስ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ አውግስጢኖስ ከልጁ ከአዴዎዳጦስ ጋራ ስለ መምህርነት በተነጋገረበት መጽሐፍ ይህን ችግር አንሥቶታል። «መራመድ ምንድር ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብድግ ብሎ ቢራመድ፥ ያየው ሰው ቃሉ የዚያን ያህል እርምጃ ብቻ ስም ነው ብሎ እንዳይሳሳት ምን ይከለክለዋል? እንዲሁም የነጭ ውሻ ሥዕል ያየ ሕፃን ‹ዶግ› ማለት ነጭ ማለት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ከደጅ ሲወጣ የጎረቤቱ ጥቁር ውሻ ያርመዋል። በሚታየው ነገር ላይ መምህሩ ቢያጐድል እንኳ ዓለሙ ይሞላለታል።

ችግሩ የሚጀምረው ዓለሙ በማያርመው ቃል ላይ ነው። ‹ዌር› የሚለው ቃል ለምሳሌ ይሁን። «‹ዌር› ማለት መልበስ ነው» ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን አማርኛ በሰው ገላ ላይ ለሚውለው ነገር ሁሉ የየራሱን ግሥ ሰጥቷል፤ ቀሚስ ይለበሳል፥ ጫማ ይጫሙታል፥ ባርኔጣ ይደፉታል፥ ቀለበት ያጠልቁታል፥ መቀነት ይታጠቁታል፥ ጋቢ ይደርቡታል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ‹ዌር› ጠቅልሎ ይናገረዋል። እንግዲህ ‹ዌር› መልበስ ነው የተባለ ልጅ የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ሳይሳሳት ይናገርና የአማርኛውን ያጠፋዋል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ «ጫማዬን ለበስሁ» ይላል። የሚሰማውም ሰው ሕፃን ነው ብሎ ይስቃል እንጂ ጥፋቱ ከወዴት እንደ መጣ አይመረምርም። ፍቺ በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ የባዕዱን ቃል ለማስገባት የተከፈተው በር የቤቱን ቃል ያስወጣል።

ከዚህ የሚከብድ ደግሞ አለ። «‹ዩ› ማለት አንተ ነው» የሚል ፍቺ በየደብተሩ ይገኛል። ልጁ ግን በቤቱ አባቱን አንተ እንዳይል፥ አያቱን አንቺ እንዳይል ተመክሮ ያደገ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ያስባል፤ ወይም እንግሊዞች አባታቸውን የማያከብሩ ስዶች ናቸው ይላል፥ ወይም ክብር መስጠት የኋላ ቀር ሰው ልማድ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ሐሰት ነው። በቀድሞው እንግሊዝኛ ለአንድ ለቅርብ ሰው የሚነገረው ‹ዛው› የሚል ቃል ነበረ፤ ‹ዩ› ግን ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው የሚነገር ነበረ። እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ‹ዛው› ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደና ለሁሉ ‹ዩ› ቀረ። እንግዲህ እንግሊዛዊው ሁሉን አንቱ አለ እንጂ ሁሉን አንተ አላለም። ይህን የሚያውቅ መምህር ለልጁ ታሪኩን ሁሉ ይተርክለት ዘንድ አይገደድም፤ «በእነርሱ ቋንቋ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቃል ነው፤ አንተም ይሆናል፥ እርስዎም ይሆናል» ቢለው ይበቃል። ይህን ለመናገር ቅጽበት አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ልጁ ለሌላው ሕዝብም ለገዛ ቤቱም የሚኖረውን ፍርድ ነው።

የምግባር ቃል በሆነ ጊዜ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሕፃናት አስቀድመው ከሚማሯቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ ‹ሶሪ› ነው፤ ፍቺውም «ይቅርታ» ነው ይባላል። ይህን ፍቺ የያዘ ልጅ አንድ ቀን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው አባቱ ለሞተበት ሐዘንተኛ ‹ሶሪ› ሲል ቢሰማ፥ ገዳዩ እርሱ ነውን ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ምክንያቱም ‹ሶሪ› በጥንተ ልደቱ ቁስልንና ሕመምን ከሚያሳየው ‹ሶር› ከሚለው ቃል ጋራ የአንድ ሥር ነው። ተናጋሪው ስለ ገዛ ልቡ ይመሰክራል፤ አዝኛለሁ፥ አሞኛል ማለቱ ነው። ስለዚህ በደለኛውም፥ አስተዛዛኙም ይህን አንድ ቃል ሊናገሩት ይችላሉ። የአማርኛው ቃል ግን ሌላ መንገድ ይዟል። «ይቅርታ» የሚል ሰው ስለ ራሱ ልብ ምንም አልመሰከረም፤ በሌላው እጅ ያለውን ነገር ለመነ እንጂ። «ይቅር በለኝ» ብሎ ያልጨረሰው ነገር አለ፤ የሚፈጸመው ተበዳዩ «ይቅር ብዬሃለሁ» ሲል ነው። ላደናቀፈው ሰው ግን አማርኛ ይቅርታ አይልም፤ «እኔን!» ይላል፤ ሕመሙን በራሱ ላይ ይወስዳል።

ይህ ልዩነት ስለ ቃል ብቻ አይደለም። ‹ሶሪ› ይቅርታ ነው የተባለ ሕፃን የጓደኛውን እርሳስ ሰብሮ ‹ሶሪ› ይልና ሳይቈይ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ቃሉን ስለ ተናገረ ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። ምክንያቱም የእንግሊዝኛው ቃል መልስ ሳይጠብቅ በራሱ ይፈጸማል፤ የአማርኛው ግን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ተናጋሪውን ያስቆመዋል። ሁለቱ ቃላት እኩል ናቸው ተብሎ ከተማረ ቀላሉ ከባዱን ይውጠዋል፤ ልጁም በገዛ ቋንቋው «ይቅርታ» ሲል እንኳ መልስ መጠበቁን ይተወዋል። በአንጻሩም የእንግሊዝኛው ቃል በጎነት ይሰወርበታል፤ ሳያዝን የሚነገር ‹ሶሪ› በእንግሊዞቹም ዘንድ ከንቱ ነውና።

እዚህ ላይ የሚቃወም ሰው አይታጣም። «ሕፃን ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም፤ ለሕፃን ወተት እንጂ አጥንት አይሰጥም» ይላል። እውነት ነው። የቃል ፍቺ ከቃሉ የከበደ እንደ ሆነ ፍቺ አይባልም። ስለ አቢሲኒያ የተጻፈውን የአባ ሎቦን መጽሐፍ የተረጐመው፥ በ1759 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠርም ራሴላስ የተባለውን የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ በልቡ ፈጥሮ የጻፈው እንግሊዛዊ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን፥ በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መረብን ሲፈታ በሕፃን ይቅርና በሊቅ ዘንድ እንኳ በማይለመዱ ቃላት ፈታው፤ እስከ ዛሬም ይሳቅበታል። እርሱ ራሱ ግን በመቅድሙ፥ ቀላልን ቃል ከእርሱ በሚቀልል ቃል መፍታት ሁልጊዜ እንደማይቻል አስቀድሞ ገልጿል። በቤንጋል አገር ያስተምር የነበረው ማይክል ዌስት በ1935 ዓ.ም. ለባዕዳን ተማሪዎች ባወጣው መዝገበ ቃላት ሃያ አራት ሺህ ያህል ቃላትን በ1,490 ቃላት ብቻ ፈታቸው። እንግዲህ ማቅለል የሰነፍ ሥራ ሳይሆን የብልህ ሥራ ነው፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው ብቻ ጥቂቱን መርጦ ይሰጣልና።

ስለዚህ ጥፋቱ በማሳነሱ አይደለም። ወተት የሐሰት አጥንት አይደለም፤ ለጊዜው የሚበቃ እውነተኛ ምግብ ነው። ጥፋቱ ትንሹን ሙሉ ነው ብሎ መስጠቱ ነው። ለዚህ የአገሩ የቈየ ትምህርት የሚያስተምረው ነገር አለ። በቅኔ ቤት ግሥ የሚያጠና ተማሪ «ነሥአ» ማለት «ያዘ» ነው ተብሎ አንድ አማርኛ ይሰጠዋል፤ ያንኑ ይዞ ይጓዛል። ንባብ ሲገባ ግን ቃሉ «ወሰደ» ተብሎ ሲፈታ፥ «ተቀበለ» ተብሎም ሲፈታ ያገኘዋል። ያን ጊዜ መምህሬ ዋሸኝ አይልም፤ ሰምና ወርቅ የሚለይ ትምህርት ቃል ሁለት ቤት እንዳለው አስቀድሞ አስለምዶታልና። የትርጓሜ መምህራንም አንዱን ፍቺ ከሰጡ በኋላ «አንድም» ይላሉ። ይህች ትንሽ ቃል የፊተኛውን አታፈርስም፥ የኋለኛውንም አታስቀርም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተዋለች። ለሕፃን ፍቺ የሚሰጥ ሰው ሊያጐድለው የማይገባው ይህን «አንድም» ነው። ሁለተኛውን ፍቺ ዛሬ ባይናገረው እንኳ መኖሩን አይካድ።

ከባሕር ማዶም ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ዓለሙን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍቺ የሚፈለግለት የአማርኛው ቃል ነው። አያት ለልጅ ልጇ አንድ ነገር ሰጥታ «አደራ!» ብትለው፥ እርሱም ዞሮ ምን ማለቷ ነው ብሎ እናቱን ቢጠይቅ፥ እናት በሥራ ተዋክባ «‹ፕሊዝ› ማለቷ ነው» ብትለው፥ ሐሰት አልተናገረችም፤ በአደራ ውስጥ ልመና አለና። ነገር ግን ‹ፕሊዝ› የተባለ ሰው እንቢ ቢል ማንም አይነቅፈውም፤ አደራ የተባለ ሰው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕዳ አለበት። ቢያጐድል የሚጠብቀው ስም አለ፤ «አደራ በላ» ይባላል። ልጁ ‹ፕሊዝ› የሚለውን ይዞ ቢያድግ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አያቱ የጣለችበትን እምነትም ሳያውቅ ይቀራል። እናት ግን «‹ፕሊዝ› ማለቷ ነው፤ ደግሞም አንተን ታምኜሃለሁ ማለቷ ነው» ብትል፥ በጨመረቻት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ቃሉ ከነነፍሱ ይሻገራል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ለሕፃን ከእውነቱ ጥቂቱን መስጠት ይገባል፤ ከዚህም በቀር ሌላ መንገድ የለም። ማሳሳት የሚጀምረው ሰጪው ያስቀረውን እንዳላስቀረ ሲሆን ነው። የቃል ፍቺም ራሱ አደራ ነው፤ ሕፃኑ ሳያመሳክር ይቀበለዋልና። ስለዚህ መምህሩ ‹ስካይ› ሰማይ ነው ብሎ ያስተምር፤ ልጁም በሌላ ቀን ‹ሄቨን› ደግሞ ሰማይ ነው ሲባል ሰምቶ «የቱ ነው እውነተኛው?» ብሎ ቢጠይቅ ዝም በል አይበለው። እንግሊዝኛ ወፍ የሚበርበትንና ነፍስ የምትናፍቀውን በሁለት ስም ለያቸው፤ አማርኛ አንድ ስም ሰጣቸው። ይህን የጠየቀ ሕፃን ትምህርቱን አላወከም፤ ወደ ትምህርቱ ደጃፍ ደረሰ እንጂ። «ሁለቱም እውነት ነው፤ ሌላም አለው፥ ስታድግ ታገኘዋለህ» የሚል መምህር አደራውን ጠበቀ።