«ምን ማለት ነው?» ተብሎ ለሚጠየቅ ሠዓሊ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ ጆንያው የሚችለውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ያረጀ ካውያ፣ ገመዱ የተቆረጠ ምድጃ። ከዚህ ዕቃ ብዙው ዞሮ ዞሮ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ተፈታትቶ በየዓይነቱ ይሸጣል።

ከመርካቶ እንዲህ ያለ ዕቃ እየገዙ ወደ ስቱዲዮአቸው ከሚወስዱት አንዱ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቋል። ቀደም ባሉት ሥራዎቹ ሸራ ላይ በክር ይሰፋ፣ ቁልፍም ይደረድር ነበር። በኋላ የኮምፒውተር ማዘርቦርድና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ያዘ። ሽቦውን ይጎነጉናል፣ እንጨት ላይ በምስማር ይመታል፣ ከጎኑ ሌላ ይጨምራል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የተነሣ የእርሻ ማሳ ፎቶ ይመስላል፤ ሲጠጉት ሽቦ ነው። ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ እንዳይመስላችሁ፤ የሽቦው ልባስ ይዞት የመጣው ነው። ስለዚህ የፈለገው ዓይነት እስኪጠራቀም መጠበቅ አለበት።

በ2019 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የዌሊን ሙዚየም «ታይትሮፕ» የተሰኘው ትልቅ ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። በዚያው ዓመት እሱና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ የገነቡት ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ላይ በሩን ከፈተ። በውጭ አገር ስለ ሥራው ሲነሣ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ሪሳይክል» ነው። የአፍሪካ ሠዓሊ የተጣለ ዕቃ ከነካ ስለ ቆሻሻ እየሰበከ ነው ተብሎ ይደመደማል፤ ይህ ችኮላ እኔን ያናድደኛል። ኤልያስ ግን ሥራው ስለዚያ እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። እሱን የሚስበው ዕቃው በሰው እጅ ማለፉ ነው፤ አንዱ ሠራው፣ ሌላው ተገለገለበት፣ ሌላው ፈታው። ትርጉም ለሚጠይቀው ሰው የዕቃውን መንገድ ይነግረዋል።

«ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ትምህርቱን ጨርሶ መጥቶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የጦር ሜዳ ሥዕል የለመደው ተመልካች ተደናገረ። ቅርጽ የለሽ ሥዕሉ «ኢትዮጵያዊ አይደለም» ተባለ። ገጣሚም ነበርና ቃል አላጣም። ሆኖም መልሱ የአንድ ምሽት ንግግር ሆኖ አልቀረም፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዓመታት አስተማረ፣ በ1969 ለ«አፍሪካን አርትስ» መጽሔት ስለ ሥራው ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጠ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ያልገባው ተመልካች ያኔም ብዙ ነበር።

የዛሬ የመክፈቻ ምሽቶቻችንን ሳይ የጎደለው እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ መልስ ይመስለኛል። ሠዓሊው ማይክ ይሰጠዋል፤ «ሥራዬ የሰው ልጅን ውስጣዊ ጩኸት ይገልጻል» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ሁሉም ወደ ለስላሳው ይሄዳል። ያ ዐረፍተ ነገር የትኛውም ሥዕል ሥር ቢለጠፍ ይሄዳል። ጥሩ ወጥ የቀመሰ ሰው ባለሙያዋን «ምን ማለት ነው?» አይላትም፤ «ምን ብታደርጊበት ነው?» ይላታል። ሠዓሊም እንዲህ ቢጠየቅና እንዲህ ቢመልስ፣ ትርጉሙን ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል። ባይደርስበትም የሚያየው ነገር ይኖረዋል።

በ18 ማዞሪያም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ በትምህርት ቤት አዳራሽም ይሁን በወጣት ማዕከል ሥዕል የምታሳዩ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሥዕሉ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጡ። የተበላሸውን ንድፍ፣ ያለቀውን ቀለም፣ የሠራችሁበትን ዕቃ ደርድሩበት። ጎረቤቶቻችሁ፣ ቆራሌውም ቢሆን፣ እያነሡ ይዩት፤ የት እንዳገኛችሁት፣ የቱ ላይ እንደተቸገራችሁ ንገሯቸው። ማይኩ ይቆያል።