ከመጠመቂያው ዳር

ሰው ሲታመም «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። በነርስነት የማገለግልባት አሜሪካ ግን የዚህን ጥያቄ ዘመድ ለብዙ ዓመታት በቅጽ አትማ ስታስሞላ ኖራለች (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በአብዛኞቹ ግዛቶች ኢንሹራንስ በግሉ ሊገዛ የመጣ ሰው ቀድሞ የነበረበትን ሕመም ይዘረዝር ነበር፤ ስኳር፣ ካንሰር፣ እርግዝና እንኳ ለመከልከል ይበቃል።

እዚህ ሜሪላንድ የማውቃት አንዲት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ፣ ስኳር ስላለባት የሚቀበላት ኩባንያ አጥታ፣ ኢንሱሊኗን እየቆጠበች ዓመታት ገፍታለች። «እግዜር ቢቆጣኝ ነው» ትለኝ ነበር። ከኩባንያዎቹ እምቢታ ይልቅ አንጀቴን የበላው ይህ ነው። እምቢታውን እንደ ፍርድ ተቀብላዋለች።

ፕሬዚዳንት ኦባማ በመጋቢት 2010 የፈረሙት ሕግ ያንን ጥያቄ ከቅጹ አወጣው። ከጥር 2014 ወዲህ መደበኛ ኢንሹራንስ ሊገዛ የመጣን ሰው በቀደመ ሕመሙ መከልከልም ሆነ ዋጋ መጨመር አይቻልም። ሌሎች በዚህ ሕግ ፖለቲካ ይሟገቱ፤ ለእኔ ሕመምን ከበደል መለየት የሃይማኖት ሥራ ነው፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ባያስቡትም።

ሴትየዋ የኢንሹራንስ ካርድ አገኘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወገቧን ታማ ሐኪሟ ኤምአርአይ ሲያዝላት ግን ኩባንያው «ለሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ላከላት። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዝም አለች። በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደምትችል፣ ኩባንያው በእምቢታው ቢጸና ደግሞ ጉዳዩን የውጭ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ እንደምትችል፣ የገምጋሚው ውሳኔም ኩባንያውን እንደሚያስገድድ ያው ሕግ ይደነግጋል። እርሷ ግን አላወቀችም። በፌዴራሉ መንግሥት ገበያ የሚሸጡ ኢንሹራንሶች በ2023 ውል ካላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ከቀረበላቸው የክፍያ ጥያቄ 19 በመቶ ያህሉን ውድቅ አድርገዋል፤ ከዚያ ውስጥ ይግባኝ የተባለበት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የወንጌሉን መጻጉዕ የማስበው እዚህ ላይ ነው። 38 ዓመት ታሞ ከመጠመቂያው ዳር ተኝቷል፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። ውኃውን ማንም አልከለከለውም። ያጣው የሚያወርደውን ሰው ነው። ስብከቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ «እናንተ ሰው ሁኑለት» ብለው ያበቃሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ጌታ አቅፎ ወደ ውኃው አላወረደውም፣ ባለበት አዳነው። ተሸክሞ ቢያስገባው ኖሮ ያን ዕለት ሌላ በሽተኛ ይቀደም ነበር። ታዲያ ጠያቂ ያለው ብቻ የሚታከምበት ሥርዓት፣ ጠያቂ ስለበዛለት ፍትሐዊ ይሆናል? አይሆንም ባይ ነኝ።

የሴትየዋን ይግባኝ ከሐኪሟ ማብራሪያ ጋር አያይዘን ላክን፣ ተፈቀደላት። ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። እንዲህ በአንድ ወረቀት የሚሻር እምቢታ ከሆነ፣ ዝም ብለው የቀሩት በምን ዕዳቸው ታመው ይኖራሉ?

እድራችን ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ሲረባረብ ሟቹ በምን እንደታመመ አይጠይቅም። ባለፈው ስብሰባ፣ የሕያዋኑንም ደብዳቤ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች እንምረጥ አልኩ። አንድ አባት ተነሡና «ልጄ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። እኛ ከሸፈንንለት ማን ያስተካክለዋል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሕጉ እንዲታረም ለተመራጮቻችን መጻፍም አለብን። «አባቴ፣ 180 ቀኑ ግን ሕጉ እስኪታረም ቆሞ አይጠብቅም» አልኳቸው። ተመረጥን፤ እኔና አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወጣት። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አለን፤ ደብዳቤ የደረሳችሁ ፖስታውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ።