የዘጠኙ ሰዎች እንጀራ

ወደ ማታ ገደማ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አብሬያቸው የምቀመጥ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ ነው። አንድ ቀን ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስናወጋ፣ «ልጄ፣ አንድ መኪና የአሥር ሰው ሥራ ቢሠራ መልካም፤ ግን የዘጠኙ እንጀራ ወዴት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ ያጣሁ መሆኔን አልሸሽግም።

ጥያቄው የሽማግሌ ትካዜ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ገደማ አንድ ቶን ብረት ለማውጣት የአሥር ሰዓት ያህል የሰው ድካም ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። እንግሊዝም በ1920 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ነበሯት፤ በ2015 የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ተዘጋ። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው መኪና ሠራተኛውን ተካው፤ በሁለተኛው ዘይትና ጋዝ ከሰሉን ራሱን ተኩት። ሥራ ላጣው ሰው ግን ይህ ልዩነት ምን ይፈይድለታል?

እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ለማማረር ከመቸኮላችን በፊት የከተማችንን ልደት ብናስታውስ ይበጃል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለ ከበደው፣ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» ሊባልም ታስቦ ነበር። ከዚያ በፊት የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ተጭኖ በጀልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጀልዴሳ ከክብሯ ወረደች፤ ዘይላም ተዳከመች። የከተማችን የመጀመሪያ ደመወዝ የተቆረሰው ከግመል ነጂው እንጀራ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

ቆይቶ ተራው የባቡረኛው ሆነ። የእንፋሎቱ ባቡር እሳት አንዳጅና ውሃ ሞይ ይፈልግ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግን ኃይሉን ከሽቦ ይወስዳል።

በእኔ አስተያየት እንጀራው አልጠፋም፤ ተበትኗል። ማጓጓዣ ሲረክስ እያንዳንዱ ሸማች ቁራሽ ያገኛል፤ ባለ ንብረቱም ጎላ ያለውን ይወስዳል። ቁራሹ ትንሽ ስለሆነ የሚያመሰግን የለም፤ ሙሉውን ያጣው ግን አንድ ቤት ነው። ስለዚህ የተጠቀሙት ዕዳ አለባቸው፤ ዕዳውም ምጽዋት አይደለም። ይህንንም በሕግ የጻፉ አሉ። ስድስት የአውሮፓ አገሮች በ1951 በፓሪስ የከሰልና የብረት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከሥራ የሚፈናቀለው ሠራተኛ ሌላ ሙያ የሚማርበትንና እስከዚያው የሚኖርበትን ርዳታ በውሉ ውስጥ አስገቡ። የማኅበሩ ገቢም በዚያው በከሰልና በብረት ምርት ላይ የተጣለ ቀረጥ ነበር።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በሰነድ ዓይን ማየት ይቀናኛል። የሐዲዱ፣ የድልድዩና የሽቦው ዋጋ በጥናት እንደሚዘረዘር ሁሉ፣ ሥራውን የሚለቀውም ሰው ሒሳብ አስቀድሞ በዚያው ገጽ ሊሰፍር ይገባል እላለሁ። ሆኖም ገንዘብ ሁሉን አይክስም፤ ሠላሳ ዓመት ብረት የለመደ እጅ በሦስት ወር ትምህርት ሌላ እጅ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ብነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ «አያቴ በጀልዴሳ መንገድ ግመል ነጂ ነበሩ፤ አባቴን ለባቡር ሥራ የላኩት ግመሎቹን ሸጠው ነው። የእርሳቸውንስ ሒሳብ በየትኛው ገጽ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ።