የወረቀት ነገር እኛን አትጠይቁ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ለማስተርስም ሆነ ለፒኤችዲ ወደ አሜሪካ የመጣችሁ፣ ሻንጣችሁን ፈታችሁ ሳትጨርሱ መካሪ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ዘንድ ካረፋችሁማ፣ በመጀመሪያው እሑድ ቡና ላይ ብቻ ከየአቅጣጫው ይዘንብባችኋል። እኔም ከነዚያ መካሪዎች አንዱ ነኝ። ዛሬ የምመክራችሁ ግን በወረቀት ጉዳይ የእኛን ምክር እንዳትሰሙ ነው።

ክፉ ስለሆንን አይደለም። እዚህ ያለው አብዛኛው የእኛ ሰው የመጣው በዲቪ፣ በስደት ወይም በቤተሰብ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደስ ያለውን ሥራ ይሠራል፣ ትምህርቱን ያቋርጣል፣ ሲፈልግ ይመለሳል፤ ማንም አይጠይቀውም። የእናንተ ኤፍ-1 ቪዛ ግን ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ነው። መማራችሁን ዩኒቨርሲቲው ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ያሳውቃል። ያን መዝገብ የሚከፍተው፣ አይ-20 የሚባለው ሰነዳችሁ ላይ የሚፈርመው ሰው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ውስጥ ነው ያለው፤ ዲኤስኦ ይሉታል። ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖረ አጎታችሁ ስሙን እንኳ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ ሰው ጋር ያላችሁ ጉዳይ ሁሉ በአንድ ሕግ ይመራል፦ ፈቃዱ ከድርጊቱ ይቀድማል። አንድ ልጅ በሁለተኛው ሴሚስተር ስታቲስቲክስ ከበደው። ውጤቴ ከሚበላሽ ብሎ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ ኮርሱን ጣለ። ፖርታሉ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው፣ አዎ አለ፣ በቃ። ገጹ ላይ ስለ ቪዛ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት በታች መውረዱን ያወቀው በኋላ ከኢንተርናሽናል ኦፊስ ኢሜል ሲደርሰው ነው። የሚያሳዝነው፣ ሕጉ መውጫ ነበረው፤ ለታመመ ሰው፣ ለአሜሪካ የማስተማር ዘዴ ገና እንግዳ ለሆነ፣ ያለቦታው ከባድ ኮርስ ላይ ለተመደበ ተማሪ ኮርስ መቀነስ ይፈቀዳል። ግን ዲኤስኦው አስቀድሞ ሲያጸድቀው ነው። ልጁ በዚህ ያጣውን ሕጋዊ የተማሪነት ስታተስ ለማስመለስ አመልክቶ ወራት ጠበቀ። ኮርሱን ከመጣሉ በፊት አንድ ቀጠሮ ቢይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የሥራ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሬስቶራንት ያለው ዘመዳችሁ “ቅዳሜና እሑድ ና አግዘኝ፣ በካሽ ነው፣ ማን ያያል?” ይላችኋል። ሊረዳችሁ ነው እንጂ ሊጎዳችሁ አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ባለበት ወቅት የተፈቀደላችሁ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ኡበር ኢትስም፣ የአክስት ሱቅም ከግቢ ውጭ ነው። ገንዘብ በእውነት ከቸገራችሁ፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማራችሁ በኋላ ባልታሰበ የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት ከግቢ ውጭ ለመሥራት ማመልከት ይቻላል፤ በሩ እዚያው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለድንገተኛ ችግር የሚሰጡት ገንዘብ አላቸው፣ ምግብ በነፃ የሚሰጡበት ክፍልም አላቸው። መውሰድ ነውር አይደለም።

መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ደግሞ ፎርሙ ላይ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋላችሁ ወይ፣ የአሜሪካ ዜጋ ናችሁ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጸሐፊዋ ትቸኩላለች፣ ሁሉንም አዎ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ግን በዚህ አገር ሕግ ይቅርታው እጅግ የጠበበ ጥፋት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግሪን ካርድ ያስከለክላል። እያንዳንዱን ሳጥን አንብቡ።

አሁን ስለ ይሉኝታችን። ዲኤስኦው “እንዴት ነው ነገሩ?” ሲል “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ብለን እንወጣለን፤ የሄድንበት ጉዳይ ግን አፋችን ላይ ይቀራል። የቀጠሮው ጊዜ አጭር ነው። ሰላምታውን አሳጥሩና ጉዳያችሁን መጀመሪያ ተናገሩ። መልሱንም በኢሜል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ አስቀምጡትም።

አእምሮ ሲደክምም ልማዳችን ያው ነው፦ ገበናን መሸፈን። ጥር ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል፣ ላብራቶሪው አልሳካ ይላል፣ እናት በስልክ “መቼ ትጨርሳለህ?” ትላለች። ለጓደኛ ብትነግሩት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ ፍርሃታችሁም መሠረት የለውም አልልም። የዩኒቨርሲቲው ካውንስሊንግ ማዕከል ግን ምስጢር ጠባቂ ነው፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ ወይም ሕግ ካላስገደደ በቀር የነገራችሁትን ለአድቫይዘራችሁም ለወላጆቻችሁም አይናገርም። ብዙውን ጊዜ ክፍያው ከተማሪ ክፍያችሁ ላይ ተቆርጦ አልቋል። ከአድቫይዘራችሁ ጋር ከተቃቃራችሁ ደግሞ ኦምቡድስ የሚባል ቢሮ አለ፤ ሥራው ማንንም ሳይወግን ማዳመጥና መንገድ ማሳየት ነው። ራይቲንግ ሴንተርም አለ፤ ሰዋስው እንዲያርሙላችሁ ሳይሆን ሐሳባችሁ የት እንደሚላላ እንዲነግሯችሁ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ስል ቢሮውን አታምልኩት። ዲኤስኦው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን ተቀጣሪነቱ ለዩኒቨርሲቲው ነው፣ ለመንግሥትም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያልተፈቀደ ሥራ ሠርታችሁ ከሆነ ወይም ፖሊስ ዘንድ የደረሰ ጉዳይ ካለባችሁ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በነፃ ወይም በርካሽ የሚያማክር የሕግ ቢሮ አላቸው።

ቀኑንም ቁጠሩ። አድራሻ ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለዲኤስኦው ታሳውቃላችሁ። ስትመረቁ ለመሥራት የሚያስችለውን ኦፒቲ ማመልከት የሚቻለው ፕሮግራሙ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ ካለቀ እስከ 60 ቀን ድረስ ነው፤ የዘገየ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም።

ወደ እኛ ለሌላ ሌላው ኑ። ለፋሲካ ዶሮው አለ፣ የክረምት ካፖርት የሚያውስ አይጠፋም፣ ኤርፖርት የሚቀበል፣ ሲያማችሁ ሾርባ ይዞ የሚመጣ አለ። ኦሬንቴሽን ላይ የሰጧችሁን የኢንተርናሽናል ኦፊስ አድራሻ ግን ዛሬውኑ ፈልጉና፣ ገና ምንም ችግር ሳይገጥማችሁ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያዙ።